ባሕር የሸሸው ተራራ



በብቸናና በሞጣ አካባቢ፣ በሮብ ገበያ ላደገ ሰው አናቱ እንደ አውድማ የተዘረጋ ተራራ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አምባ ይለዋል። አምባን ያበጁት ዝናብና ወንዝ ናቸው፤ ጠንካራው የላይኛው ንጣፍ ሲጸና ዙሪያው ተሸርሽሮ ይወርዳል። ይህን የመሰለ ተራራ ከውቅያኖስ በታች ሲገኝስ አናቱን ማን ደለደለው ይባላል?

ጥያቄው የተነሣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሃሪ ሄስ የጦር መርከብ እያዘዘ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲመላለስ፣ ጥልቀትን በድምፅ የሚለካው መሣሪያ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ አያሌ የሰመጡ ተራሮችን አሳየው። በ1946 እ.ኤ.አ. «ጋዮት» ሲል ሰየማቸው። እንደ ገመተውም፣ እነዚህ ጥንት ከባሕር በላይ ብቅ ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ነበሩ፤ ማዕበል አናታቸውን ላገው፣ ኋላም ሰመጡ። ግምቱ መልካም ነው፤ ለብዙዎቹም ይስማማል። ይሁን እንጂ ያን ያህል ውኃ የተኛበትን ተራራ ቀርቦ የሚመረምረው ማን ነው?

መልሱ በከፊል የተገኘው በኢትዮጵያ ምድር፣ ያውም በደረቁ በአፋር ነው። የሰሜን አፋር ሜዳ ከባሕር ወለል በታች እስከ 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ቀይ ባሕር ቀድሞ ገብቶበት እንደ ነበር በዳርቻው የቀሩት የኮራል ዐለቶች ይመሰክራሉ። ኤንሪኮ ቦናቲና ሃሩን ታዚየፍ በአፋር ከውኃ በታች የፈነዱ እሳተ ገሞራዎችን አግኝተው፣ በ1970 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ አንደኛው ጻፉ። ተራራው በእግር የሚወጣ ጋዮት ነው፤ የተሠራውም ከደቀቀ የባዛልት መስተዋት ንብርብር ነው። የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ ቅልጥ ዐለትም ከባሕር ሲገናኝ እንዲሁ ይደቅቃል። ጠፍጣፋውን አናት ማዕበል ሳይሆን ፍንዳታው ራሱ እየደረደረ አበጀው ሲሉ ሁለቱ ሊቃውንት ደመደሙ። እንግዲህ አናተ ጠፍጣፋ የባሕር ተራራ ሁሉ ደሴት ነበር ማለት አይቻልም። ከጋዮት አናት ተነሥቶ የባሕሩ ወለል የቱን ያህል እንደ ሰመጠ ለሚያሰላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጮቄ ነገር ግን ሌላ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጮቄ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ በበታቹ፣ በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይም ባሕር ያስቀመጠው ነው። ነገር ግን የጮቄ ላቫ የፈሰሰው ያ ባሕር ከሸሸ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ፣ በደረቅ ምድር ላይ ነው። የአካባቢው አርሶ አደር ከማሳው የሚለቅመው ጥቁር ድንጋይ ድፍን ባዛልት እንጂ እንደ አፋሩ የደቀቀ መስተዋት ያልሆነው ስለዚህ ነው።