የተማሪው አሳብና የመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር ሲሰሙት የወጣቶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ በእርግጡ ግን እናንተን፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁትን፣ በቅርብ የሚመለከት ነው። ይኸውም ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ችግር ለማቃለል በእጅ ስልክ የሚሠራ መተግበሪያ፣ በተለምዶ አፕ የሚባለውን፣ እያሰቡ መሥራት ስለ መጀመራቸው ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህን የመሰለው ሥራ ቀድሞ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ነበር። በ2010 በጉግል ኩባንያ ተጀምሮ በኋላ በአሜሪካ ወደሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተዛወረው «አፕ ኢንቬንተር» የተባለ መሣሪያ ግን ነገሩን አቃለለው። ተማሪው ረጅም የኮድ ጽሑፍ በመጻፍ ፈንታ፣ የተዘጋጁትን የትእዛዝ ቁራጮች እንደ ልጆች መጫወቻ እያገጣጠመ ፕሮግራም ይሠራል። «ቴክኖቬሽን» የተባለው ውድድርም ልጃገረዶችን በቡድን በቡድን አደራጅቶ፣ ከየአካባቢያቸው አንድ ችግር መርጠው መፍትሔውን በስልክ ላይ እንዲሠሩ ያደርጋል። እንግዲህ መሣሪያው በእጃቸው ገብቷል ማለት ነው። የሚቀረው ጥያቄ፣ ምን ይሠሩበታል? የሚለው ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ሦስት ምሳሌዎችን ላቅርብላችሁ።

በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ሎስ ፍሬስኖስ በተባለች ከተማ፣ ስድስት ልጃገረዶች ዓይነ ስውር የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራቸው። ልጁ በግቢው ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ ሲቸገር አዩ። የእርምጃውን ርዝመትና በስልኩ ውስጥ ያለውን ኮምፓስ መሠረት አድርጎ መንገዱን በድምፅ የሚነግረው «ሄሎ ናቪ» የተባለ መተግበሪያ አሰቡ፤ አሳባቸውም በ2014 በአገር አቀፍ ውድድር ተሸላሚ ሆነ።

በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ፣ ዳራቪ በተባለው እጅግ በተጨናነቀ የድኾች ሰፈር፣ ውሃ ከጋራ ቧንቧ በተራ ይቀዳል። ሴቶች ልጆች ለዚህ ሰልፍ ሲሉ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ። የሰፈሩ ልጃገረዶች ለየቤተሰቡ ተራው መድረሱን የሚያሳውቅ መተግበሪያ ሠርተው ስሙን «ፓኒ» አሉት፤ በቋንቋቸው ውሃ ማለት ነው። ወሬያቸውም በ2016 በብዙ አገር ተሰማ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በኪሱሙ ከተማ አምስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ጎበዝ የነበረች አንዲት ጓደኛቸው ከተገረዘች በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። በኬንያ የ2011 ሕግ ድርጊቱን በወንጀል ይከለክላል፤ ሕጉ መኖሩ ግን ለዚያች ልጅ አልደረሰላትም። ስለዚህ «አይ ከት» የተባለ መተግበሪያ ሠሩ። አደጋ የተቃረባት ልጅ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ለባለሥልጣኖች ጥሪ ይደርሳል፤ የተጎዳችውም የሕግና የሕክምና ርዳታ የምታገኝበትን ቦታ ያሳያታል። ልጃገረዶቹ በ2017 ለቴክኖቬሽን የመጨረሻ ውድድር ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዙ፤ በ2019ም ለአውሮጳ ፓርላማ የሳካሮቭ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች መካከል ተቆጠሩ።

እስቲ እነዚህን ሦስቱን እናስተያይ። የቴክሳሱ መተግበሪያ ሥራውን የሚፈጽመው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። የሙምባዩ ደግሞ ጎረቤቶቹ ተራቸውን ለማክበር ከተስማሙ ይበቃዋል። የኪሱሙው ግን ከሁለቱም ይለያል። ልጅቱ ቁልፉን ትጫናለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሰው ሥራ ነው። መልእክቱን የሚያነብ ተረኛ፣ ተነሥቶ የሚሄድ ፖሊስ፣ ልጅቱን የሚቀበል መጠለያ ከሌለ፣ ቁልፉ የደወል ገመድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተማሪዎች ደወሉን መሥራት ይችላሉ፤ የሚሰማውን ጆሮ ግን መሥራት አይችሉም። ያ ጆሮ የመሥሪያ ቤት ነው።

ነገሩን ወደ ራሳችን እናምጣው። በአንድ ሰፈር የውሃ ቧንቧ ፈነዳ እንበል። አንዲት ተማሪ ስፍራውን የሚጠቁም መተግበሪያ ሠርታ፣ ፎቶግራፍ አንሥታ ላከች። ጥቆማው ማን ዘንድ ይደርሳል? በየትኛው መዝገብ ይገባል? የሥራ ትእዛዙን የሚፈርመው ሹም በአንድ ቀን ይፈርማል ወይስ በአንድ ወር? ሠራተኛውን የሚያደርሰው መኪናስ ነዳጅ አለውን? ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ሳምንታት የሚፈጅ ከሆነ፣ መተግበሪያው ያፈጠነው ማመልከቻውን እንጂ ጥገናውን አይደለም። ቀድሞ ባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ «ነገ ተመለስ» ይባል ነበር፤ አሁን ደግሞ በቤቱ ተቀምጦ «ነገ ተመለስ» መባሉ ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ አንድ ጊዜ ጠቁማ መልስ ያጣች ልጅ ሁለተኛ አትጠቁምም። ከመጥፎው ቧንቧ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስልኩና መሥሪያ ቤቱ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን በአገራችን አይተናል። በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ2014 «8028» የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መሥመር ከፈተ። ገበሬው በማናቸውም ዓይነት ስልክ እየደወለ፣ ቁጥር እየመረጠ፣ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ምክር በቋንቋው ያዳምጥ ጀመር። ውድ ስልክ መግዛትም ሆነ ማንበብ መቻል አላስፈለገውም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችም ደወሉ። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አላደረገም፤ በስተኋላው ምክሩን የሚያዘጋጁ የግብርና ባለሙያዎችና መሥመሩን የሚያስኬድ የቴሌኮም ድርጅት ነበሩ።

እንግዲህ ከእናንተ የሚፈለገው ምንድን ነው? ገንዘብ ወይም ሽልማት አይደለም፤ ሦስት ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ፣ ተማሪዎች ሊጠይቁ ሲመጡ መሸኛ ደብዳቤ አምጡ ብላችሁ ከደጅ አትመልሷቸው፤ አንድ ጉዳይ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ እስኪፈጸም ድረስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ በግልጽ አስረዷቸው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ሁለተኛ፣ አሳባቸው የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥቆማውን የሚቀበለውን ሠራተኛ በስም መድቡ፤ መልስ የሚሰጥበትንም ቀን ወስኑ፤ የጠቋሚዋም ስም ምስጢር ሆኖ እንዲጠበቅ አድርጉ፤ ይልቁንም ጉዳዩ ቤተሰብን የሚነካ ሲሆን ምስጢሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ሊፈጽመው የማይችለው እንደ ሆነ፣ አይቻልም ብላችሁ ምክንያቱን ንገሯቸው። እውነተኛ እንቢታ ከሐሰተኛ ተስፋ ይሻላል፤ ተማሪው ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ጊዜ ይሰጠዋልና።

በየውድድሩ አዳራሽ የሚጨበጨብላቸው አሳቦች ብዙ ናቸው። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን እያንዳንዱ አሳብ አንድ በር ያንኳኳል፤ ከበሩ ወዲያ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ነገ ጠዋት ከጠረጴዛችሁ ስትቀመጡ፣ በእናንተ ክፍል ቁልፍ ቢጫን የሚሰማው ማን እንደ ሆነ እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ በቶሎ ከተገኘ፣ ተማሪዎቹን ለመቀበል ዝግጁ ናችሁ ማለት ነው። ካልተገኘም፣ መተግበሪያው እስኪሠራ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ የምትጀምሩት ሥራ አላችሁ።