ከቧንቧው እስከ ሕፃኑ ኩባያ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ሕፃናት ጤና ለጥቂት ጊዜ እንነጋገራለን። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የተነገረ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተነገረ ሁሉ የተፈጸመ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ከ400,000 የሚበልጡ ሕፃናት ዛሬም በየዓመቱ በተቅማጥ በሽታ ይሞታሉ። ከእነዚህም የሚበዙትን ንጹሕ ውሃ፣ የታጠበ እጅና በጊዜው የተደረገ ቀላል እርዳታ ሊያድናቸው በቻለ ነበር።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በከተማችን እምብርት ያሉትን ቂርቆስንና ካዛንቺስን እንመልከት። ቂርቆስ ስሙን ያገኘው በቅዱስ ቂርቆስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ቅዱሱም ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር መከራን የተቀበለ የ3 ዓመት ሕፃን እንደ ነበረ ይነገራል። ካዛንቺስ ደግሞ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የኢጣልያ ድርጅት ስም የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች እንደ ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ሰፈር የሕፃንን፣ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛን ስም ይዘው ይኖራሉ። የዛሬውም ንግግራችን እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ስላላቸው ግዴታ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዳወረደ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ ከገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከድሬ ግድብ፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ውሃ አግኝታለች። የግድቡ ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ደለሉ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ይጣራል፤ ክሎሪንም ይጨመርበታል። ስለዚህ በከተማችን ውሃው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከማጣሪያው ከወጣ በኋላ በመንገድ ላይ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። የከተማ ሰው ግን ከጥሩ የተቀዳውንም ውሃ እስከ ልጁ አፍ ድረስ መጠበቅ አለበት።

የመጀመሪያው የብልሽት ስፍራ ቧንቧው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር፣ መስመሩ በተዘጋ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይጠፋል። ግፊቱ ሲጠፋም በውጭ ያለው እድፍ በተሰነጠቀው ስፍራ ወደ ውስጥ ይገባል። ቧንቧው በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ወይም በቦይ ውስጥ ካለፈ ደግሞ የሚገባው ምን እንደ ሆነ መናገር አያሻም። በቂርቆስና በካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ቤት ሲገለገል ኖሯል። ከካዛንቺስ መንደሮች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሰው ሲዛወር ግን ጀሪካኑም ልማዱም አብረውት ይሄዳሉ።

በዚህ ረገድ የሎንዶን ከተማ ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1854 በአንድ የከተማይቱ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት እየቆጠረ፣ የሚበዙት ከአንድ የመንገድ ዳር የውሃ መሳቢያ የቀዱ መሆናቸውን አስረዳ። የሰፈሩ ሹማምንትም ነገሩን ፈጽመው ባያምኑበት እንኳ ቃሉን ሰምተው የመሳቢያውን እጀታ አስነቀሉ። በኋላ እንደ ታወቀው፣ የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የፈሰሰበት የቆሻሻ ጉድጓድ ወደዚያ የውሃ ጉድጓድ ያሰርግ ነበር። እኛም በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ማለት አተት፣ በአዲስ አበባ በገባ ጊዜ ያንኑ ትምህርት በራሳችን አይተነዋል።

ሁለተኛው የብልሽት ስፍራ ቤታችን ነው። ውሃ ይጠፋል በሚል ስጋት በጀሪካን፣ በበርሜልና በሮቶ ይጠራቀማል። ዕቃው ካልታጠበና ካልተከደነ፣ ሕፃኑም ኩባያውን ከነእጁ ከነከረበት፣ ንጹሕ ሆኖ የመጣው ውሃ በአንድ ቀን ይበከላል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ እየተጨለፈ ሳይሆን እየተንቆረቆረ ይቀዳ። የሚያጠራጥር ውሃ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፣ በእርስዋ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ማገዶ ወይም መብራት በሌለ ጊዜ «ውሃ አጋር»ን የመሰለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። እስከ 6 ወር ድረስ ያለ ሕፃን ግን ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም።

ሕፃኑ በተቅማጥ የተያዘ እንደ ሆነ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ነውና፣ «ተቅማጡ ይደርቃል» ብሎ ውሃና ምግብ መከልከል ፈጽሞ ስሕተት ነው። ጡት ይጥባ፤ ይመገብ፤ ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠው። ይህ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይቻላል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየበት ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው እናትና አባት ስለሚያደርጉት ነው። እናት የቱን ያህል ብትጠነቀቅ ግን የመንገድ ዳሩን ቧንቧ ልትጠግን አትችልም። በስብሰባችን ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ ይታያል፤ ጠረጴዛውን የምትወለውለው ሴት ልጅ ግን ማታ የሚጠጣው ከሰፈሩ ቧንቧ የተቀዳውን ነው። «ቧንቧ ፈንድቷል፤ ከፍሳሹ ጋር ተቀላቅሏል» የሚል ማመልከቻ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በመጣ ጊዜ፣ ለጸሐፊው አንድ ተራ ወረቀት ሊመስለው ይችላል። ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ ሌላ ክፍል እየተመራ አንድ ሳምንት በቆየ ቁጥር ግን፣ የግቢው ሕፃናት ያንኑ ውሃ አንድ ሳምንት ይጠጣሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90፣ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ማድረግን የመንግሥት ፖሊሲ ዓላማ አድርጎታል። ገንዘብ ሲያጥር ግድብ ላይሠራ ይችላል። ማመልከቻን በዕለቱ መምራት፣ የተሰበረን ቧንቧ ሄዶ ማየት፣ ሰው ወደ አዲስ ሰፈር ከመዛወሩ አስቀድሞ የውሃው መስመር መድረሱን መጠየቅ ግን ከትጋት በቀር የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የውሃ ዕቃችሁን ክዳን ተመልከቱ፤ ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ ደግሞ ስለ ውሃ የቀረበ ማመልከቻ በእጃችሁ አድሮ እንደ ሆነ መርምሩ። የሎንዶን ሹማምንት ሙሉ ማስረጃ እስኪገኝ ቢጠብቁ ኖሮ፣ እጀታው በዚያ ሳምንት ባልተነቀለ ነበር።