እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ፤ ማን ከማን ተማረ?



ድሬዳዋን የወለዳት በ1902 ከጅቡቲ የደረሰው የፈረንሳዮች የባቡር ሐዲድ ነውና እዚህ ቀፊራ ተቀምጦ ስለ ፓሪስ መናገር እንግዳ ነገር አይደለም (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርድ ሰው ከሚሸምተው ሌላ ይዞት የሚመጣ አለው። ወደ ፓሪስ ስለተሻገሩ ሠዓልያን የምንጽፈው ግን የሸመቱትን ብቻ ይቆጥራል።

እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረ። በግራንድ ሾሚዬር አካዳሚ ተማረ፤ አስተማረም። ከሱሪያሊስቶቹ፣ ከጳውል ክሌ፣ ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ብዙ እንደቀሰመ ይነገራል። አልክድም። ነገር ግን ግማሹ ታሪክ ይህ ብቻ ነው።

የደብተራን ክታብ አስቡ። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። በጠልሰሙ ላይ የሚፈጡት ዓይኖች ለመታየት ሳይሆን ለማየት፣ ክፉውን አይተው ለማባረር የተሣሉ ናቸው። ሱሪያሊስቶች በመግለጫ ላይ መግለጫ እየጻፉ ሲፈልጉት የኖሩት ኃይል ያለው ሥዕል፣ ለእስክንድር ከአገሩ ይዞት የሄደው ዕውቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በሠራቸው ሸራዎች ላይ በጨለማ ሰማይ የሚበርሩትን ፍጡራንና ዓይኖቻቸውን በዚህ መንገድ እንድታነቡ እጋብዛለሁ።

ልዩነቱን ለማየት ወደ 1907 እንመለስ። ፒካሶ በትሮካዴሮ ሙዚየም በአፍሪካ ጭምብሎች ፊት ሲቆም ከጭምብሎቹ ጋር የጠራቢዎቹ ስም አልነበረም። ተጽዕኖው ነበረ፤ ባለቤት ግን አልነበረውም። በእስክንድር ትውልድ ሥዕሉ ፊርማ ያዘ፤ ሠዓሊውም በዚያው ከተማ ቆሞ መልስ ይሰጥ ጀመር። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በተቀደደ ካርቶን ላይ የተሠራውን «የጁጁ ሠርግ» ገዛ። ግዢው ዜና ሆነ፤ ሥዕሉ ስለ ፓሪስ የሚለው ግን ዛሬም በቂ ንባብ አላገኘም።

በ1966 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን በተደረደሩ የቀርከሃ ቁራጮች ላይ ሲሥል ሥራው እንደ ክታብ ቁልቁል ይነበባል። ከእነዚህ ሥራዎች ጥቂቶቹን አሁን በማያው ላይ እናያለን፤ ጥያቄያችሁን እየያዛችሁ ተመልከቱ።