በባሕርና በፍል ውኃ ዳር ስለ ማረፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለስብከት የማይበቃ ተራ ነገር ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይኸውም ከከተማ ወጥቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን በባሕርና በፍል ውኃ ዳር ስለ ማረፍ ነው። በመካኒሳ አቦ ደብር ዙሪያ የምትኖሩ ሁሉ ይህን ጕዞ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ማለዳ፥ ገና ብርዱ ሳይለቅ፥ ጐልማሶችና ወጣቶች ስንቃቸውን ቋጥረው በአነስተኛ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። በጀሞና በዓለም ገና በኩል የጅማን መንገድ ይይዛሉ፤ በተፍኪና በቱሉ ቦሎ አልፈው ከ110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በኋላ ወሊሶ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ወንጪ ተራራ ይወጣሉ።

ይህን መውጣት የሚነቅፉ አሉ። እኛ ግን አንነቅፍም። ሐዋርያት ከስብከት ደክመው በተመለሱ ጊዜ፥ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ፋታ ባጡ ጊዜ፥ ጌታ ወደ ምድረ በዳ ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ እንዳዘዛቸው ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በ6ኛው ምዕራፍ ጽፏል። የሄዱትም በታንኳ ነው። እንግዲህ ሠርቶ የደከመ ሰው ውኃ ዳር ቢያርፍ የሚያሳፍረው ነገር የለም። ዓርብና ረቡዕ ቢሆን ጾሙ በባሕር ዳር አይሻርም፤ ይህን ታውቃላችሁና አናበዛበትም።

ደግሞም የመዲናችንን ነገር ብናስብ፥ አዲስ አበባ ራሷ የፍል ውኃ ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ራስ ላይ ሳሉ፥ የአገሩ ሰው ፍንፍኔ ወደሚለው ቦታ እየወረዱ በፍል ውኃው ይታጠቡ ነበር። እቴጌይቱ የቦታውን ልምላሜና የአየሩን ሙቀት ስለ ወደዱት በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም. ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ለመታጠብና ለማረፍ የተወረደበት ሜዳ ይኸው የብዙ ሚሊዮን ሰው መኖሪያ ሆኗል።

አሁን ወደ ወንጪ እንመለስ። ወንጪ በጥንት ዘመን እሳት የሚተፋ ተራራ ነበረ። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከምድር ሆድ የቀለጠው ደንጋይ ከወጣ በኋላ ራሱ ተደርምሶ እንደ ታላቅ ጋን አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በዘመናትም ብዛት የዝናብና የምንጭ ውኃ ተጠራቅሞበት ባሕር ሆነ። በቢሾፍቱ ያሉት ሆራና ባቦጋያም የእሳት ሥራ ናቸው፤ አመጣጣቸው ግን ሌላ ነው። ግለቱ ከምድር በታች ካለው ውኃ ጋር በተገናኘ ጊዜ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ምድሪቱን አፈነዳት፤ ጕድጓዱም ውኃ ሞላበት። የፍል ውኃው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ የዝናብ ውኃ በደንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በዚያ ካለው ግለት ይሞቃል፤ የደንጋዩንም ጨው አሟሙቶ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። በወንጪ ሸለቆም እንዲህ ያለ ምንጭ አለ። ፍል ውኃ ሁሉ ጠበል አይደለም፤ በጸሎት ያልተባረከውን ውኃ ጠበል ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗልና ይህን በመንገድ ላይ እንንገራችሁ። ነገር ግን ጠበል ባይሆንም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ አይቀርም።

በወንጪ ባሕር መካከል ደሴት አለች፤ በደሴቲቱም የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወንጪ ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ ሆኖ ከተሠራ ወዲህ፥ ደግሞም በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ከተመረጠ ወዲህ፥ ጐብኚው በዝቷል። በታንኳ ተሻግሮ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለሰው ብዙ ነው፤ በዚያ ቦታ የከበረው ሕፃን ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ግን ስንቱ ነው?

ቅዱስ ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ነበረ። ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ስለ ክርስቶስ ስም ተይዞ፥ መኰንኑ በታላቅ ጋን ውኃ አፍልቶ ሁለቱንም እንዲጥሏቸው አዘዘ። የሚፈላው ውኃ እንደ ነጐድጓድ ይጮኽ ነበር። በዚህ ጊዜ የፈራችው እናቱ ናት። ሕፃኑ ግን እናቱን ትቶ ብቻውን አልገባም፤ አጽናናት፥ ስለ እርሷም ጸለየ፥ ፍርሃቷም ራቀላት፤ አብረው ገቡ። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ ውኃውን አቀዘቀዘው። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን የምናከብረው ይህንን ነው። እንግዲህ በአንድ ዘመን እንደ ጋን ይፈላ በነበረ ተራራ ውስጥ፥ ከፈላ ጋን የዳነው ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ተተክሎለት ስናይ ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። እናቱን ወደ እሳት እንኳ ብቻዋን ያልሰደደ ልጅ በቆመበት ደሴት፥ እናቱን በቤት ትቶ የመጣ ጐልማሳ ምን ብሎ ይሳለማል?

ለሽርሽር ሁሉ እናትን ማስከተል ግድ ነው ማለታችን አይደለም። የወጣት ጨዋታ አለ፤ ሽማግሌ የማይኖርበት ሳቅም አለ። ነገር ግን ወደ ፍል ውኃ የሚሄደው ማን ነው? ጕልበቱ የጠና፥ ወገቡ ያልታመመ ነው። ጕልበቷን የሚቈረጥማት እናት፥ ለሙቅ ውኃ ከሁሉ ይልቅ የምትሻው፥ በር ላይ ተቀምጣ ዕቃ ትጠብቃለች። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው መፃጕዕ ለጌታ የተናገረው ስለ ደዌው ጽናት አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነበረ። ውኃው በፊቱ ነበር፤ የጠፋው ሰው ነው።

የሚቀርበውን ምክንያት እናውቀዋለን። በመኪናው ቦታ የለም፤ መንገዱ ያደክማቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸው አይፈልጉም ይባላል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። የእኛ አገር እናት አንድ ጊዜ ተጠይቃ እሺ አትልም፤ ልጆቿን ላለማስቸገር እንቢ ትላለች፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልትለመን ይገባል። ሁለተኛው ግን እውነትነት አለው። የወንጪ ቍልቍለት ለሽማግሌ ይከብዳል፤ የአገሩ ሰዎች ፈረስ ቢያከራዩም ሁሉም በፈረስ መቀመጥ አይችልም። (በዚህ ላይ የፈረሱን ባለቤት ዋጋ በክርክር አታራቍቱት፤ ኑሮው ነውና።) ስለዚህ ለደካማው ሰው የሚቀርበውን መምረጥ ነው። በወሊሶ ፍል ውኃ አለ። ሩቅ መሄድ የማይቻል ከሆነም በከተማችን መካከል ያለው ፍል ውኃ ከመካኒሳ ብዙ አይርቅም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በጣም በሞቀ ውኃ ውስጥም አይቈይ። የሚደግፈው ሰው ከአጠገቡ አይራቅ፤ ደረጃው ያንሸራትታልና።

ስንቁን ሌሊት ተነሥታ ያሰናዳችው የቤት ሠራተኛስ? ስለ እርሷ የሚያስብ ጥቂት ነው። በሰንበት ያርፉ ዘንድ ሕጉ ከቈጠራቸው መካከል ባሪያና ገረድ፥ መጻተኛና እንስሳም እንዳሉበት በኦሪት ተጽፏል። እርሷ እንጀራውን ጠቅልላ በር ዘግታ ስትቀር፥ የእኛ ዕረፍት በእርሷ ድካም የተገዛ ይሆናል።

የደብራችን ባለቤት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ባሕር ዳር የኖሩ አባት ናቸው። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ያለው ዝቋላ፥ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጐደለው፥ እርሱም በራሱ ላይ ባሕር የተሸከመ የጥንት የእሳት ተራራ ነው። በዚያ ባሕር ውስጥ ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ብዙ ዘመን እንደ ለመኑ ገድላቸው ይናገራል። ወደ ውኃ የወረዱት ስለ ሌላው ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዚህ ገዳም አራት አባቶች መገደላቸውን አልረሳነውም፤ በጥቅምት 5ና በመጋቢት 5 ስማቸውን በጸሎት የምናነሣ ብዙዎች ነን።

እንግዲህ በሚመጣው ወር በ5ኛው ቀን፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በደብራችን ዐጸድ ግንቡን ተደግፈው ጕልበታቸውን የሚያሹ አንዲት እናት ብታዩ፥ ቀርባችሁ ሰላምታ ስጧቸው፤ በፍል ውኃ ከታጠቡ ስንት ዓመት እንደ ሆናቸውም ጠይቋቸው። አይ፥ ልጄ፥ ተዉኝ ቢሏችሁ እንደ ገና ጠይቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።