ክሬሙ ለማን ይቅደም?
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ልናገር የተነሣሁት ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የኪስም ስለሆነ ነው።

ቦንጋ ደመናና ዝናብ አያጣትም። ስለዚህ ፀሐይ የቆላ ሰው ችግር ትመስለናለች። ቆዳን የሚያቃጥለው ግን ሙቀቱ ሳይሆን የማይታየው ጨረር ነው። ስስ ደመናን ያልፋል፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ደግሞ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የምንውልበትና ጉልት የምንቀመጥበት ሰዓት ማለት ነው።

እኛን ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ብዙውን ይከላከልልናል። ማዲያታችን ግን ሊባባስ ይችላል። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ግን ይህ ቀለም የላቸውም፣ ወይም በጣም ጥቂት ነው። ፀሐይዋ ታቃጥላቸዋለች፣ ታቆስላቸዋለች፤ ዓመታት ሲደራረቡም ገና በወጣትነታቸው ለቆዳ ካንሰር ልትዳርጋቸው ትችላለች። አልቢኒዝም በዘር የሚወረስ ነው እንጂ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ክሬም በስሱ ከተቀባ አይሠራም። ለፊት፣ ለአንገትና ለጆሮ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ክንድም እንዲሁ። አጭር እጅጌ የለበሰ ተማሪ ጠዋትና በእረፍት ሰዓት ቢቀባ በቀን 30 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል። በወር 20 የትምህርት ቀን ብንይዝ፣ ባለ 50 ሚሊ ሊትሩ ክሬም 12 ያስፈልገዋል። ረጅም እጅጌ ከለበሰ ግን 4 ይበቃዋል። አንድ ሸሚዝ በወር 8 ክሬም አተረፈ ማለት ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ወፈር ያለ ልብስ፤ ክሬሙ ለተረፈው ገላ ነው። ነጠላም ስስ ስለሆነ ደርባችሁ ጣሉበት።

ስትገዙ ከፋርማሲ ግዙ። ኤስ.ፒ.ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል መሆኑን፣ ዩ.ቪ.ኤንም ዩ.ቪ.ቢንም የሚከላከል መሆኑንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን እዩ። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም የፀሐይ መከላከያ አይደለም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ቆዳን የሚያሳሱ መድኃኒቶች አሉበት። ቫዝሊንና ቅቤም ፀሐይን አይከላከሉም። አዲስ ክሬም መጀመሪያ ክንድ ላይ በትንሹ ሞክሩ። ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ በፊት፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቃችሁ ተቀቡ፤ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ክሬም ሳይሆን ጥላ ነው የሚሻለው።

የተቃጠለ ቆዳ ላይ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ በቀዝቃዛ ውኃ አብርዱት። ውኃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ሳምንታት አልፎት የማይድን ቁስል በፍጹም አይናቅ። ከጤና ጣቢያ በሪፈር የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም አዲስ አበባ እስከሚገኘው አለርት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ሐሳቤ ይህ ነው። ለችግር ጊዜ ከምናስቀምጠው መዋጮ፣ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ለምታሳድግ እናት የወር 4 ክሬም፣ አንድ ባርኔጣና አንድ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ እንመድብ። እኛ የምንገዛው ክሬም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ደጋፊዎቻችንም ከረዳችሁን በዚህ እርዱን። እነዚህ ልጆች ዓይናቸውም ደካማ ስለሆነ፣ መምህሮቻቸው ከፊት፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ራቅ አድርገው እንዲያስቀምጧቸው እንጠይቅ። ይህኛው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።