ዕፅዋት ከውኃ ወደ የብስ
(በማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በዳንግላ አካባቢ ገበሬው በእጁ ከቈፈረው ጉድጓድ ውኃ ቀድቶ አትክልቱን ያጠጣል። በጉድጓዱ አፍ ላይ የመሳቢያ ፓምፕ የሚተክል መሐንዲስ አንድ ወሰን ያጋጥመዋል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ውኃን ከ10 ሜትር እምብዛም አሳልፎ አያነሣም፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ዳንግላ ደግሞ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ነገር ግን 30 ሜትር የሚረዝም ባሕር ዛፍ ያለ አንዳች ሞተር ውኃን እስከ ጫፉ ያደርሳል። ይህ ብልሃት በአንድ ጀንበር የተገኘ አይደለም።

የየብስ ዕፅዋት ቅድመ አያቶች በውኃ ውስጥ የሚኖሩ አረንጓዴ አልጌዎች ነበሩ። ዘሮቻቸው በየብስ ላይ መሥፈር የጀመሩት ከ470 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ውኃው ያጠጣቸው፣ አካላቸውን ይደግፍላቸውና የመራቢያ ህዋሶቻቸውን ያገናኝላቸው ነበር፤ በየብስ ላይ ሦስቱም ጸጋዎች ቀሩ። ድርቀትን ለመከላከል ሰም መሰል ሽፋን አበጁ፤ ሽፋኑ አየር እንዳይከለክላቸውም የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተፈጠሩ። እውነተኛ ሥር ሳይኖራቸው ከፈንገስ ጋር ተዳብለው ማዕድን ያገኙ ነበር፤ ለዚህም በስኮትላንድ፣ ራይኒ በተባለ ስፍራ የተገኘው ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቈጠረ ቅሪተ አካል ምስክር ነው።

ከዚያም ቱቦው መጣ። ከቅጠል ውኃ በተነነ ቍጥር በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘው የውኃ ዐምድ ወደ ላይ ይሳባል። ዛፉ ከላይ ይስባል እንጂ እንደ ፓምፑ የአየር ግፊት ከታች እስኪገፋለት አይጠብቅም። እንዲህ ያለው ኀይል ደካማ ቱቦን ያጣብቃል፤ ስለዚህ ግድግዳው ሊግኒን በተባለ ጠንካራ ነገር ተገነባ። ያው ሊግኒን ግንዱንም ቀጥ አድርጎ አቆመው። በመጨረሻም ዘር በመገኘቱ መራባት ከውኃ ጥገኝነት ተላቀቀ።

በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ የቀድሞ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከእሳት የወጣውን ባዶ ዐለት ወደ አፈር የለወጡት ዝናብ፣ ጊዜና ዕፅዋት ናቸው። በዚሁ አውራጃ ገበሬዎች ለከሰል የተከሉት ዲከረንስ ለብዙ ቤተሰቦች መተዳደሪያ ሆነ፤ የደከመውንም መሬት አገዘ። በቅርብ ዓመታት ግን ፈንገስ የሚያመጣው የዝገት በሽታ ክፉኛ ጐዳው። ዕፅዋትን ወደ የብስ ያሻገራቸው የፈንገስ ወገን፣ በሌላ ዝርያው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በለበሰው ኮረብታ ላይ ጠላት ሆነ።

መንገድ ለመቅደድ ተዳፋት የሚቈርጥ መሐንዲስ ይህን ያስብ። የተገፈፈውን አፈር በልዩ ልዩ ሀገር በቀል ዕፅዋት መልሶ ማልበስ የሥራው ማስጌጫ ሳይሆን የሥራው አካል ነው።