አራቱን ምን አገናኛቸው? የዕለት የቃላት እንቆቅልሽና የጋራ መደብ ፍለጋ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ጨዋታ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ «ኮኔክሽንስ» የተሰኘ የቃላት እንቆቅልሽ በየዕለቱ ያቀርባል። አሥራ ስድስት ቃላት በሠንጠረዥ ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹ አራት አራት እያደረገ በአራት መደብ ይከፍላቸዋል። የእያንዳንዱ መደብ ስም ግን አይነገረውም። አራት ጊዜ ከተሳሳተ ጨዋታው ያበቃል። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ አይደለም፤ ቢቢሲ ከ2008 ጀምሮ በሚያቀርበው «ኦንሊ ኮኔክት» በተሰኘው የጥያቄና መልስ ውድድር ውስጥም ይህን የሚመስል የአሥራ ስድስት ቃላት ግድግዳ አለ።

ጨዋታው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ አሥራ ስድስት ቃላትን በአራት አራት ለመክፈል 2,627,625 የተለያዩ መንገዶች አሉ። አንዱን መደብ በትክክል ያገኘ ሰው የሚቀሩት 5,775 ናቸው። ሁለተኛውን ሲያገኝ ወደ 35 ይወርዳሉ። ሦስተኛውን ሲያገኝ ምርጫ የለም፤ አራተኛው ራሱ ይወጣል። ስለዚህ የጨዋታው ጥበብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት ሳይሆን እርግጠኛ የሚሆኑበትን የመጀመሪያውን መደብ መምረጥ ነው።

ይህን በአማርኛ ለማሳየት ለሥነ ፍች ትምህርት ክፍሌ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር። እነሆ፦

ቡና፣ ጥምቀት፣ ወህኒ፣ ጉግስ፤
ጠላ፣ ገና፣ ፍርድ፣ ብርዝ፤
ዋና፣ አረቄ፣ መስቀል፣ ትምህርት፤
ፋሲካ፣ ውሃ፣ ሩጫ፣ እንቁጣጣሽ።

አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በዓላትን ነው። ጥምቀት፣ ገና፣ መስቀል፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ። ቆጥሩ፤ አምስት ናቸው። አምስት ሲሆኑ ከመካከላቸው አንዱ የሌላ ቤት ልጅ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ይሳሳታል፤ የሚታገሥ ግን ወደ ሌሎቹ ዞሮ ጉግስን፣ ዋናንና ሩጫን ያገኛል። እነርሱ ሦስት ናቸው፤ አራተኛ ይፈልጋሉ። ገና የበዓል ስም ብቻ አይደለም፤ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት ጨዋታም ስሙ ገና ነው። እንግዲህ ገና ወደ ጨዋታዎቹ ይሄዳል፤ ሁለት መደቦችም በአንድ ጊዜ ይፈታሉ።

ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማይለይ በአማርኛ ይህ ጨዋታ ሌላም ወጥመድ አለው። ዋና ላልቶ ሲነበብ ውሃ ላይ የሚደረግ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተቀዳሚ ማለት ነው። ገናም ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። አንባቢው በመጀመሪያ ባነበበበት ድምፅ ከታሰረ ሁለተኛው ፍች ፊቱ ተቀምጦ አያየውም።

ወደ ቀሪዎቹ እንመለስ። ወህኒ፣ ፍርድና ትምህርት በትርጉም ምን ያገናኛቸዋል? አንዳንዱ «መንግሥት» ይላል፤ አንዳንዱ «ቅጣት» ይላል። ትርጉም እምቢ ሲል ግን ቅርጽን መጠየቅ ይገባል፤ ከቃሉ በኋላ ምን ይመጣል? ወህኒ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት። ከመጠጦቹም አንዱ ወደዚህ ይመጣል፤ ቡና ቤት። ጠላ፣ ብርዝ፣ አረቄና ውሃ መጠጥ ሆነው ይቀራሉ። እኔ ያዘጋጀሁት መልስ ይህ ነበር።

መልመጃው አምስት ነጥብ ነበረው። አንዲት ተማሪ ቡናን ከመጠጦች ጋር ትታ ጠላን ከወህኒ፣ ከፍርድና ከትምህርት ጋር መደበች። ስሕተት ብዬ አረምኩት። በማግሥቱ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች፤ በትሕትና «ዶክተር፣ እኛ ሰፈር ያለው ጠላ ቤት እንጂ ቡና ቤት አይደለም» አለችኝ።

ዝም አልሁ። ጠላ ቤትን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አረቄ ቤትንም አውቃለሁ። ሠንጠረዡን ሳዘጋጅ ግን ቡና ቤት አስቀድሞ ወደ ልቤ ስለመጣ ሌላ መፈለግ አቁሜ ነበር። አብርሃም ሉቺንስ በ1942 ያሳተመው ጥናት የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ በአንድ የአፈታት መንገድ የተለማመዱ ሰዎች ቀላሉ መንገድ በቀረበላቸው ጊዜ እንኳ የለመዱትን ይከተላሉ። ይህን ጥናት ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ለተማሪዎቼ ያጠመድኩት ወጥመድ ግን የያዘው እኔን ነው።

የተማሪዋን ነጥብ መለስኩ፤ እንደ እርሷ የመለሱትንም የሌሎቹን ወረቀት ፈልጌ አስተካከልኩ። ጠላንና አረቄን አውጥቼ በምትካቸው አጥሚትንና ለስላሳን አስገባሁ። አሁን ከመጠጦቹ መካከል «ቤት» የሚከተለው ቡና ብቻ ነው፤ መልሱም አንድ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መውሰድ እንችላለን።

የመጀመሪያው ስለ መደብ ምንነት ነው። ከአርስቶትል የወረስነው አስተሳሰብ መደብን የሚወስነው ሁሉም አባላት የሚጋሩት ባሕርይ ነው ይላል። ቪትገንሽታይን በ1953 በታተመው ሥራው «ጨዋታ» የሚለውን ቃል አንሥቶ ጨዋታ የምንላቸው ሁሉ እንደ ቤተሰብ አባላት መልክ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ የጋራ ባሕርይ የላቸውም ሲል ሞገተ። ኤሊነር ሮሽ በ1970ዎቹ ባደረገቻቸው ጥናቶች ደግሞ የአንድ መደብ አባላት በአእምሯችን እኩል እንዳልሆኑ አሳየች፤ አንዳንዱ ዓይነተኛ ነው፣ አንዳንዱ ዳር ላይ ነው። ለእኔ ከ«ቤት» በፊት ዓይነተኛው ቡና ነበር፤ ለተማሪዬ ጠላ። ሁለታችንም አማርኛ ተናጋሪዎች ነን፤ ያደግንበት ሰፈር ግን ተለያየ።

ሁለተኛው ስለ እኛ ስለ መምህራን ነው። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር፤ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማ ነበር። ያ መልስ አጥጋቢ ካልመሰለው ግን እዚያው ይከራከር ነበር፤ ዳኛውም በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነው። በፈተና ክፍል ውስጥ ጠያቂው እኛ፣ መልስ ያዡ እኛ፣ ዳኛውም እኛ ነን። ተማሪው ያየው ሌላ ትክክለኛ መደብ ቢኖር የሚሰማለት የለም፤ ቢሮ ድረስ መጥቶ ለመናገር የሚደፍር ካልሆነ በቀር። ከዚያች ተማሪ በፊት ስንቶች ሳይናገሩ ወረቀታቸውን አጥፈው እንደሄዱ ሳስብ እጨነቃለሁ።

ስለዚህ ለምትጫወቱ ምክሬ አጭር ነው። በብዛት ከታያችሁ መደብ አትጀምሩ፤ ቆጥሩ፤ አምስት ከሆኑ ጠብቁ። ብቻውን መቆም ከማይችለው ቃል ጀምሩ፤ ወህኒ ከገና ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል። ትርጉም ሲዘጋባችሁ ቅርጹን ጠይቁ።

ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ልማድ ልጠቁም። እኔ አሁን የፈተና ጥያቄ ካዘጋጀሁ በኋላ መልሱን ሳልገልጥ ከእኔ የተለየ አስተዳደግ ላለው ባልደረባ እሰጣለሁ፤ ሌላ መልስ ይዞ ሲመለስ ጥያቄውን እለውጣለሁ። ስሕተት ከማለቴ በፊትም ተማሪውን «እነዚህን ምን አገናኛቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ።